ለአንድ ሌሊት በረራ የአምስት ቀን ስንቅ

የዚህ እትም የሳይንስ ዓምድ ስለ ወፎች ነው። ስለ ንስርና ስለ ጥንብ አንሳ ግን አይደለም፤ እነሱማ ትልልቅ ስለሆኑ ቀና ያለ ሁሉ ያያቸዋል። የምንጽፈው ስለ ትንንሾቹ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓና ከእስያ ተነስተው መጥተው፣ እዚሁ ኢምፔሪያል አካባቢ ሣሩ ላይና ዛፉ ላይ አርፈው እያሉ «ወፍ ናት» ብለን ስለምናልፋቸው ትንንሽ ዘማሪ ወፎች።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በመስከረም ስለሚመጡ ወፎች ሲነሳ ሁሉም ሰው «የመስቀል ወፍ!» ይላል። እኛም በየክፍሉ ዞረን ስንጠይቅ የሰማነው መልስ ይኸው ነበር። ግን ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላት፣ ጥቁርና ነጭ ለብሳ፣ አፏ ቀይ ሆኖ ረጅም ጭራ የምትጎትተው ወፍ ከሩቅ አገር አትመጣም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አገራችን ናት። ያ ልብስ የወንዱ ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ላባውን ለውጦ ይዘንጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ረጅሙ ጭራ ይወድቅና ድንቢጥ የመሰለ ቡናማ ወፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ባጠገባችን ቢያልፍም አናውቀውም። «የት ሄደ?» እንላለን። የትም አልሄደም እኮ፣ ልብሱን ነው የቀየረው!

እውነተኞቹ መንገደኞች ግን ዝንጥ ብለው አይመጡም። ደክመው፣ ከስተው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በሌሊት ነው የሚደርሱት።

ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ወይም ወደ መገናኛ ስትሄዱ በቀለበት መንገዱ ዳር ያለውን ሣር ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ለበዓል የመጡ በጎች የሚግጡበትን ማለታችን ነው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ሣር ላይ፣ በበጎቹ እግር ሥር እየሮጠች፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ረጅም ጭራዋን ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ የምታደርግ ቀጭን ወፍ ካያችሁ እሷ እንግዳ ናት። በእንግሊዝኛ የሎው ዋግቴይል ትባላለች። እኛ በክበባችን «ጭራ ወዝዋዥ» ብለን ጠራናት። በጎቹን የምትከተለው ወዳቸው አይደለም፤ ሣሩን ሲረግጡ ብድግ የሚሉትን ዝንብና ትንኝ ለመልቀም ነው። ክብደቷ 17 ግራም ገደማ ነው።

ሁለተኛዋን ለማየት አንገት ያማል፤ ሁልጊዜ ዛፍ ላይ ናት። ዊሎው ዋርብለር ይሏታል፣ እኛ «ቅጠል ፈታሽ» አልናት። ከቅጠል ወደ ቅጠል እየዘለለች፣ ከሥር በኩል እያየች ትንንሽ ነፍሳትና አባጨጓሬ ትለቅማለች። ደብተር ላይ የምትሥሏት ዓይነት ወፍ አይደለችም፤ ቀለሟ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴና ቢጫ ነው፣ በቃ። ግን ክብደቷን ስሙ፦ 9 ግራም ገደማ። ፎቶ ኮፒ የሚደረግበት ተራ ኤ4 ወረቀት አንዱ 5 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ይቺ ወፍ ሁለት ወረቀት አታክልም ማለት ነው። ከእሷ ዘመዶች መካከል ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ተነስተው እስከ ኬንያና ታንዛኒያ ድረስ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩ እንዳሉ ተረጋግጧል። ሁለት ወረቀት!

ሌሎችም አሉ። ባዶ ሜዳና ድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ወገበ ነጩ ዊትኢር በሱሉልታ ሜዳ ላይ ይታያል። ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለው ስዋሎው ደግሞ እየበረረች አየር ላይ ነፍሳት እየያዘች ስለምትበላ ከሌሎቹ ይልቅ መንገዱ ይቀላታል፤ ስለ እሷ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

ለምን ይመጣሉ? አብዛኛው ሰው ብርድ ሸሽተው ይመስለዋል። ዋናው ግን ምግብ ነው። በሰሜኑ ዓለም ክረምታቸው ሲገባ መሬቱ በበረዶ ይሸፈናል፣ ነፍሳት ይጠፋሉ። ነፍሳት የሚበላ ወፍ እዚያ ቢቀር የሚገድለው ከብርዱ በፊት ረሃቡ ነው። በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ ደግሞ ዝናቡ አባርቶ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ አደይ ፈክቶ፣ ነፍሳቱ ሞልቶ ተርፏል። በእኛ አቆጣጠር መጸው የሚባለው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ነው፤ የእነሱም መጸው ከዚሁ ጋር ይገጣጠማል። ለእነሱ ግን የቅጠል መርገፊያ ሲሆን ለእኛ የአበባ ወቅት ነው። ወፎቹ ይህን ልዩነት ያወቁበት ይመስላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በነበረ የሳይንቲስቶች ግምት፣ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩት ትንንሽ ወፎች 2.1 ቢሊዮን ገደማ ናቸው።

ደግሞ ከእነዚህ ብዙዎቹ የተፈለፈሉት በዚያው ዓመት በግንቦትና በሰኔ ነው። ዕድሜያቸው 4 ወር ነው ማለት ነው! አንደኛ ክፍል ያሉ ታናናሾቻችን ከኢምፔሪያል አደባባይ እስከ ትምህርት ቤት የሚሸኛቸው ይፈልጋሉ፤ የአራት ወሯ ቅጠል ፈታሽ ግን እናትም አባትም ሳይመሯት፣ ብቻዋን፣ በጨለማ፣ አይታው ወደማታውቀው አገር ትነሳለች። አቅጣጫው አብሯት የተወለደ ነው። ከዋክብቱን፣ የፀሐይን መጥለቂያና የመሬትን መግነጢሳዊ ኃይል ትጠቀማለች።

ስንቁ ምንድን ነው?

የድሮ መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ጭኮ ይቋጥር ነበር። ወጥ በድስት ይዞ አይወጣም፤ ለምን ቢባል ውሃው ይከብዳል፣ ጉልበት ግን አይጨምርም። ከሁሉም ጭኮ ይሻላል፤ ገብሱ ላይ ቅቤ አለበትና ትንሹ ያጠግባል። የወፎቹም ስሌት ልክ እንደዚያ ነው። የእነሱ ጭኮ ስብ ነው።

በጠቅላላ ሳይንስ ትምህርታችን እንደምናውቀው 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ 1 ግራም ስኳር ግን 4 ብቻ። በዚያ ላይ ሰውነት ኃይል ሰጪ ምግብን በጡንቻና በጉበት ሲያስቀምጥ ከክብደቱ 3 እጥፍ የሚሆን ውሃ አብሮ ይይዛል፤ ስብ ግን ደረቅ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ስብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሲቃጠል ውሃ ይወጣዋል፣ ከ1 ግራም ስብ 1 ግራም ገደማ። በረሃ የምትሻገር ወፍ ነዳጇም ውሃዋም አንድ ላይ ተቋጥሯል ማለት ነው። እስኪ እንዲህ ያለ መኪና ማን ሠራ?

ስለዚህ ከመነሳቷ በፊት ለብዙ ቀናት ያለ ልክ ትበላለች። ጋርደን ዋርብለር የምትባል በአገራችን የምታልፍ ቡናማ ወፍ አለች፤ በሌላ ጊዜ ክብደቷ ከ16 እስከ 18 ግራም ሲሆን ትልቁን በረሃ ሰሃራን ከመሻገሯ በፊት እጥፍ ልትሆን ምንም አይቀራት። አመጋገቧንም ትቀይራለች። ነፍሳት ትበላ የነበረችው ወፍ በዚያ ሰሞን ወደ ፍራፍሬ ትዞራለች፣ ምክንያቱም ፍሬ አይሮጥም፣ ቆሞ ነው የሚጠብቃት። ብላክካፕ የምትባለው ዘመዷም እንዲሁ ናት፤ ወንዱ ጥቁር ቆብ ያደረገ ይመስላል፣ በከተማችን ጓሮዎች ውስጥም ይገኛል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያሉት እንደ ወይራ ያሉ ትንንሽ ፍሬ የሚያፈሩ አገር በቀል ዛፎች ለእንደዚህ ዓይነቷ ወፍ ማደያ ናቸው።

በሌሊት የሚበሩትስ ለምንድን ነው? ሌሊት አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ሰውነታቸው አይግልም፣ ውሃም አይባክንም። ነፋሱ ይረጋጋል። ጭልፊቱ ይተኛል። ከሁሉ በላይ ግን ቀኑ ለመብላት ይተርፋቸዋል፤ በቀን በርረው በሌሊት ነፍሳት ቢፈልጉ የሚያዩት ነገር የለም።

ስትደርስ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እኛም ጽሑፉን ስንጀምር ያላወቅነው፣ ካወቅነው በኋላ ግን ከሁሉ ያስገረመን ይኼ ነው።

ሰው ሁሉ «ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር በረረች!» እያለ በረራውን ያደንቃል። እስኪ ሒሳቡን እንሥራ። 20 ግራም የምትመዝን ወፍ አለች እንበል። እንዲህ ያለች ወፍ በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ትበራለች፤ በየሰዓቱም ከክብደቷ 1 በመቶ ገደማ ታቃጥላለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተነስታ እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ብትበር 10 ሰዓት ሆነ፤ 400 ኪሎ ሜትር ሄደች፣ 2 ግራም ስብ ጨረሰች ማለት ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር ቀጥታ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ሌሊት ያንን አልፋ ትሄዳለች። ጥሩ። አሁን 2 ግራሟን ትተካ። ምግብ ደህና በሆነበት ቦታ አንዲት ወፍ በቀን 2 በመቶ ያህል ብትጨምር 0.4 ግራም ነው። 2 ሲካፈል ለ0.4 ስንት ነው? 5! ለአንድ ሌሊት በረራ አምስት ቀን መብላት ያስፈልጋታል።

ቁጥሩ እንደ ወፏና እንደ ቦታው ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንድ ቦታ ምግቡ ሞልቶ ቶሎ ትሞላለች፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ እየከሳች ትውላለች። ነገሩ ግን በእውነተኛ ጉዞም ታይቷል። ከአላስካ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ የሚበርረው ዊትኢር 25 ግራም ገደማ ሲሆን መንገዱ 14,500 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሳይንቲስቶች ብርሃን የምትመዘግብ ከ2 ግራም በታች የሆነች መሣሪያ ጀርባው ላይ አስረው፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደወጣችና እንደገባች ከመዝገቡ እያዩ የት እንደነበረ አወቁ፤ ውጤቱንም በ2012 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሲመጣ የፈጀበት በአማካይ 91 ቀን ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሳያቋርጥ ቢበር ግን 15 ቀን ብቻ ነበር የሚበቃው። ቀሪው 76 ቀን የት ገባ? መሬት ላይ! በማረፍ፣ በመብላት፣ በመተኛት፣ ነፋስ በመጠበቅ።

ስለዚህ የእነዚህ ወፎች ጉዞ በአብዛኛው መሬት ላይ የሚካሄድ ነው። የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚያው ነው።

ማረፍ ስንል ግን ወዲያው መዓድ ቀርቦ መብላት አይምሰላችሁ። ረጅም በረራ ላይ ወፏ የምታቃጥለው ስብ ብቻ አይደለም። የደረት ጡንቻዋም ይቀንሳል፣ አንጀቷና ጉበቷ ሳይቀሩ ይሟሽሻሉ። አንጀት በበረራ ላይ ምን ይሠራል? ጭነት ነው፣ ስለዚህ ይቀነሳል። ችግሩ ስታርፍ ነው፤ ምግብ ፊቷ ቢፈስስ እንኳ የሚፈጨው አንጀት ገና አልተጠገነም። ጾም ሲፈታ ሆድ እንዳይጎዳ በተልባ ይለሰልስ የለ? በረመዳንም አፍጥር በተምርና በውሃ ነው የሚጀመረው። ወፏም የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ትንሽ ትንሽ ትበላለች፣ ክብደቷም ብዙ አይጨምርም። ከዚያ በኋላ ነው የሚሞላላት። ወደ እኛ የሚመጡት ደግሞ ብዙዎቹ የዓረብን በረሃና ቀይ ባሕርን፣ ወይም ሰሃራን ተሻግረው፣ ከዚያም ቆላውን አልፈው ደጋውን ወጥተው ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ ፀጥ ብላ ላባዋን ነፍታ የተቀመጠች ትንሽ ወፍ ካያችሁ ታማ ላይሆን ይችላል፤ ገና መድረሷ ሊሆን ይችላል።

እንቅልፏም ስሌት አለው። ጣልያን ውስጥ ፖንዛ በምትባል ደሴት ላይ ባሕር ተሻግረው የሚያርፉ ጋርደን ዋርብለሮችን ያጠኑ ሰዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት አለ። ስብ የተረፋቸው ወፎች ጭንቅላታቸውን ወደ ፊት አድርገው፣ ቶሎ መንቃት እንዲችሉ ሆነው ይተኛሉ። የከሱት ግን ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ላባቸው ውስጥ ይቀብራሉ። እንደዚያ ሲተኙ ሙቀት አይባክንባቸውም፣ ኃይል ይቆጥባሉ፤ ግን አዳኝ ቢመጣ ቶሎ አይሰሙም። የደከመው መንገደኛ በሩን ሳይዘጋ እንደሚተኛው ማለት ነው። ሌሎች ወፎች ደግሞ ሌሊት ሲበሩ ያጡትን እንቅልፍ ቀን ላይ በሰከንዶች በሚቆጠር ማሸለብ ይተካሉ፤ አንዳንዴም አንድ ዓይናቸውን ከፍተው። (ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደዚያ የሚያደርግ የክፍል ጓደኛ እናውቃለን።)

ብዙ መብላትም ጣጣ አለው። ስብ የበዛባት ወፍ ከባድ ናት፤ ስትነሳ ወደ ላይ ቀጥ ብላ መውጣት ያቅታታል፣ ፍጥነቷም ይቀንሳል። ጭልፊት ወይም ድመት ሲመጣ ይኼ የሞት ጉዳይ ነው። ብትከሳ መንገድ ላይ ትወድቃለች፣ ብትወፍር ትያዛለች። ስለዚህ የምታርፍበት ቦታ ምግብ ያለበት ብቻ ሳይሆን ጥግ ያለው፣ ዘልላ የምትገባበት ቁጥቋጦ ያለው መሆን አለበት።

እዚህ እኛ ጋስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የእንጦጦ ደን፣ የገፈርሳ ግድብ፣ የሱሉልታ ሜዳና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ለወፎች በጣም ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡ ቦታዎች ውስጥ ናቸው። ይህ ጥሩ ነው። ግን ሌሊቱን በርራ ሲነጋ ስቧ ያለቀባት ወፍ «እንጦጦ ድረስ ልሂድ» አትልም፤ ከታች ያገኘችው አረንጓዴ ላይ ትወርዳለች። ያ አረንጓዴ የቀለበት መንገዱ ሣር ሊሆን ይችላል፣ የአየር ማረፊያው ሜዳ ሊሆን ይችላል፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሊሆን ይችላል። የእኛ ግቢም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ሰፈር ደግሞ ሕንፃው መስታወት ነው። በመስታወት ላይ ሰማይና ዛፍ ሲታይ እኛ ሕንፃ መሆኑን እናውቃለን፤ ወፏ ግን እውነተኛ ሰማይ ይመስላታል፣ ትገጫለች። ከሕንፃ ሥር ደንዝዛ የተቀመጠች ወፍ ካገኛችሁ ውሃ በአፏ አታፍስሱባት፣ ምግብም አታጉርሷት። አየር እንዲገባ የተበሳ የጫማ ካርቶን ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አስገቧትና ጨለማና ፀጥ ያለ ቦታ አስቀምጧት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጭ ወስዳችሁ ክፈቱት፤ ከዳነች ራሷ ትበራለች። የሌሊት መብራትም ያደናግራቸዋል። ኒውዮርክ ከተማ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11፣ ያውም ብዙ ጊዜ በእኛ እንቁጣጣሽ ዕለት፣ ለመታሰቢያ ወደ ሰማይ የሚለቀቅ በጣም ኃይለኛ መብራት አለ። ሌሊት የሚያልፉ ወፎች እዚያ ብርሃን ውስጥ ገብተው ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ መውጣት ያቅታቸዋል። ቆጣሪዎች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ብርሃኑ ውስጥ ያሉት ከ1,000 በላይ ሲሆኑ መብራቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጠፋል፣ ወፎቹም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ማጥፊያዋን መጫን ብቻ ነው እኮ የተፈለገው።

አሁን ደግሞ ወደ ግቢያችን። አንዳንድ ወንዶች ልጆች (ስማቸውን አንጽፍም፣ ራሳቸው ያውቃሉ) ዕረፍት ሰዓት ላይ ወንጭፍ ይዘው አጥር ሥር ይውላሉ። «አልመታኋትም እኮ፣ አባረርኳት ብቻ» ይላሉ። ከላይ ያለውን ሒሳብ እንደገና ተመልከቱት። በቀን የምትሰበስበው 0.4 ግራም ነው። በየአሥር ደቂቃው እየተነሳች ስትሸሽ ከዋለች ያንን 0.4 ግራም ከየት ታመጣለች? ስትሸሽ አትበላም፤ ስትሸሽ ደግሞ ታቃጥላለች። ሳይመቷትም ሊገድሏት ይችላሉ፤ የምትሞተው ግን ነገ ሌላ ቦታ ስለሆነ አያዩዋትም።

ስለ ሣሩ የግቢያችንን ጥበቃ ጋሼን አነጋግረናቸው ነበር። «ልጆቼ፣ ሣር ዝም ካሉት እባብ ያመጣል» አሉን። «ደግሞ ግቢው ሳይጸዳ ቢታይ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ወፏ አትጠየቅልኝ!» ሳቅን፣ ግን እውነታቸውን ነው። እንደውም ረጅም ሣር ለጭራ ወዝዋዥ አይመቻትም፤ እሷ የምትፈልገው አጭር ሣር ነው፣ እየሮጠች የምታየው። ስለዚህ ሜዳው ይታጨድ፣ ኳሱም ይጫወትበት። ቅጠል ፈታሽና ሌሎቹ የሚፈልጉት ግን ከቤተ መጻሕፍቱ በስተኋላ አጥሩን ተከትሎ ያለውን ቁጥቋጦና ከዛፎቹ ሥር ያለውን የረገፈ ቅጠል ነው። ጋሼ ይህን ስንነግራቸው ትንሽ አሰቡና «አጥሩን እንኳ ማንም አያየውም» አሉ። እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

የሚያሳስበን ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን በየቤቱም በየግቢውም ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የጨረሰው የኅዳር በሽታ ካለፈ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ጽዳቱ ይቅር አንልም። ግን ባለፈው ዓመት በዚያ ቀን ተጠርጎ የተቃጠለው ፕላስቲክና ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ደረቅ ቅጠሉና ከአጥሩ ሥር የነበረው ቁጥቋጦ በሙሉ አብሮ ነደደ። በዚያ ቅጠል ውስጥ ነው ነፍሳቱ የሚኖሩት። ስለዚህ ክበባችን ለርዕሰ መምህራችን ደብዳቤ ጽፏል፤ የጠየቅነውም ከዚያ ከአጥሩ ጥግ 3 ሜትር ስፋት ያለው መስመር እስከ መጋቢት ድረስ ሳይጠረግና የነፍሳት መድኃኒት ሳይረጭበት እንዲቆይ ነው። መልሱ ይህ እትም ሲለጠፍ ገና አልደረሰንም። ፊርማ የምታሰባስበው የ7ኛ ክፍሏ ተጠሪያችን ናት፤ መምህራንም ብትፈርሙልን ደስ ይለናል።

ማየት ለምትፈልጉ፦ ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ሰልፍ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሌሊቱን የበረረችው ወፍ በደንብ የምትርባት ያኔ ነው። ፀጥ ብላችሁ ከ15 ሜትር ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጭራዋን ትወዘውዛለች? ቅጠል ሥር ታያለች? ወይስ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች? አመሻሹ ላይ ጭራ ወዝዋዦች ለአዳር ሲሰባሰቡ በመቶዎች ሆነው አንድ ዛፍ ወይም ሸምበቆ ላይ ሊያርፉ ስለሚችሉ ወደ ቤት ስትሄዱም ቀና በሉ። እግሯ ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት ያላት ወፍ ሞታ ካገኛችሁ ቀለበቱን አትጣሉት፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለክበባችን አምጡ፣ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እናሳውቃለን። ያቺ ቁጥር የትኛው አገር፣ በስንት ቀን፣ በስንት ግራም እንደተነሳች ልትነግረን ትችላለች።

ያያችሁትን የምትጽፉበት ሰማያዊ ደብተር በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንዳያችኋትና ምን ስታደርግ እንደነበረ ጻፉ፤ ስሟን ባታውቁት ችግር የለም፣ መልኳን ግለጹ። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሊመለሱ ሲሉ፣ እንደገና ይወፍራሉ፤ የጭራ ወዝዋዡ ወንድም ላባውን እዚሁ ቀይሮ ከመጣበት የደመቀ ቢጫ ሆኖ ይሄዳል። ያኔ ደብተሩን ከፍተን እናወዳድራለን። እስክሪብቶው በገመድ ታስሯል፤ እባካችሁ አትውሰዱት።